ባለ ስምንት ጭራው ካርድ

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለክብሩ፣ ባለህበት፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከሲቀላ ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ ያለ ቪዛ ይድረስህ። የጌታ ጸጋ ይብዛልህ። እኔ ከናፍቆትህና ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትህ ደህና ናት። ላንቴ ያለው ሙዛችንም ዘንድሮ ደህና ነው፤ ዝንጀሮዎቹም እሱን እየበሉ ደህና ናቸው።

ይህን ጽሑፍ ደግመህ ተመልከተው። የማን እጅ መሰለህ? የራሴ የዳልጮ ነው። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ የአጥቢያችን ጸሐፊ ነበር። በቀደም አንዱን ደብዳቤ ሳልልከው ከፖስታው አውጥቼ ባነበው፣ ያን ሁሉ ጨዋታ ሳወራለት ቆይቼ ሰውዬው «ሁላችንም ደህና ነን» ብሎ ዘግቶታል። ስንት ዓመት ቀልዴን ሲውጥብኝ ኖሯል! ከእንግዲህ ተገላግለሃል፤ ወይም ደግሞ ተይዘሃል።

የማታ ትምህርት የምታስተምረን ሣራ ናት። ታውቃታለህ፣ የጫኖ መንደሯ ልጅ፤ ስምንተኛ ክፍል አብራችሁ ነበራችሁ። ቀን ቀን እኔ ዘበኛ በሆንኩበት በማኅበራችን የሙዝ መረከቢያ መዛኝ ናት፤ ማታ ማታ ደግሞ እኛን ሽማግሌዎቹን በነጻ ታስተምራለች። ከክፍሉ አንደኛ ነው የወጣሁት። ሁለተኛ የወጡት ሴትዮ ዓይናቸው ደካማ ነው፤ እሱ የእኔ ጥፋት አይደለም። መጀመሪያ እርሳስ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሣራ እጄን ይዛ ነው ያስጀመረችኝ። ሽበት ያለው ሰው እጁን ሲያዝ ያፍራል፤ ይህን ስለምታውቅ እጄን በያዘች ቁጥር ወደ መስኮቱ ታይ ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የላክልን ካርድ ደርሷል። እኔ ካርድ ስትል የገና ካርድ መስሎኝ ነበር፤ ይህ ግን አረንጓዴ ሰሌዳ ነው፣ ከኋላውም ስምንት ጭራ ያለው ገመድ ይወጣለታል። አራቱን የኤሌክትሪክ ሚዛኖቻችንን ከአንዱ ኮምፒዩተር ጋር ያገናኛል ብለሃል። እስካሁን ኮምፒዩተሩ ለሚዛን የሚሆን ቀዳዳው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጸሐፊዋ ቲጂ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሮጠች ነው ቁጥር የምትለቅመው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሸዋንዳኝ በስብሰባ ላይ «ይህን ማን ይገጥመዋል? ባለሙያ ከአዲስ አበባ እናስመጣ?» አለ። ተነሣሁ። የላከው የእህቴ ልጅ ነው፣ ኢንጂነር ነው፣ ዘዴውን ለእኔ ይጽፋል፣ እኔ አንብቤ እገጥመዋለሁ አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ቲጂ እንኳ ሳቀች። ስለዚህ አሁን ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ዘዴውን ጻፍልኝ። ስልክ እንዳትደውል፤ ስልክ ማንም ያነሣዋል። በደብዳቤ፣ በአማርኛ፣ ደልደል ባለ ፊደል አድርገው።

አጎትህ ዳልጮ፣ በገዛ እጁ


ሮተርዳም
ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ዳልጮ፤

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። የሥራ ጓደኞቼ ምን ያስቅሃል ብለው ጠየቁኝ፤ ብተረጉምላቸውም አልሆነልኝም። ሣራን ሰላም በሉልኝ። በጣም ደስ ብሎኛል።

ስለ ካርዱ እንደሚከተለው አድርጉ። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ካርዱን ውስጡ ስኩት። ከመሰካታችሁ በፊት ግን በላዩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ነጭ ማብሪያዎች ከዚህ ጋር ባለው ሌላ ወረቀት ላይ በሳልኩት ሥዕል መሠረት አንዳንዶቹን ወደ ላይ፣ አንዳንዶቹን ወደ ታች አድርጓቸው። ይህ የካርዱ አድራሻ ነው። ከካርዱ ጋር በላክሁት ዲስኬት ላይ ያለው ድራይቨር ማለት ኮምፒዩተሩ ካርዱን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ቲጂ እሱን ስትጭን አድራሻውን ይጠይቃታል፤ ሥዕሉ ላይ ያለውን ያንኑ ትጻፍለት። ሁለቱ ካልተስማሙ ካርዱ እቤት ቁጭ ብሎ ኮምፒዩተሩ ሌላ በር ሲያንኳኳ ይኖራል።

ቀጥሎ የመጥሪያ ቁጥር ይጠይቃል። ካርዱ ቁጥር ሲደርሰው ኮምፒዩተሩን የሚጠራበት ነው። ሌላ ዕቃ ከያዘው ቁጥር ጋር መጋጨት የለበትም። አምስት በሉት፤ እሱን የድምፅ ካርዱ ይዞት ከሆነ ወደ አሥር ለውጡት። ፍጥነቱን 9600 አድርጉት፤ ሚዛኖቹ የሚናገሩት በዚያ ፍጥነት ነው።

በመጨረሻ ቲጂ ለየጭራው የመዛኙን ስም ትስጥ። አንደኛው ጭራ ከቢሮው አጠገብ ላለው ጠረጴዛ ይሁን፤ እንዲያ እያላችሁ አራተኛው በሩ ላይ ላለው። ኮምፒዩተሩ ሚዛንም ሰውም አያይም፤ የሚያውቀው ጭራውን ብቻ ነው።

ኢንጂነር ስላሉት ነገር፣ ስለ ሥራዬ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ። እናቴን ሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ ክብሩ


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጥር 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለኢንጂነር ክብሩ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ይህን ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ቆመህ ካነበብከው ትወድቃለህ። ገጥሜዋለሁ!

ቲጂ ቁልፉን ትመታለች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ደብዳቤህን አነብላታለሁ። ስትቀድመኝ «ጣትሽን አንሺ፣ ገና መስመሩን አልጨረስኩም» እላታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒዩተሩ ካርድ የሚባል አላየሁም አለ፤ እኔ ካርዱን በዓይኔ እያየሁት። ሥዕልህን ገልብጬ ይዤው ኖሮ ላይ የተባለው ሁሉ ታች ሆኗል። ነጫጮቹን ማብሪያዎች በክብሪት እንጨት አንድ በአንድ መለስኳቸው፤ ኮምፒዩተሩም አየው። በማግስቱ ካርዱ ቢታይም ሚዛን በተነካ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ደርቆ ይቀራል። የድምፅ ካርዱ አምስትን ይዞታል ማለት ነው አልኩ፣ እንደ አንተ። ወደ አሥር ለወጥነው። ቀጥሎ ደግሞ ሙዝ ስንጭን ስክሪኑ ላይ የዶሮ ጭረት የመሰለ ነገር መጣ። ቲጂ ልታለቅስ ደረሰች። ደብዳቤህን ባየው ፍጥነቱ ላይ አንድ ዜሮ ጎድሏል። ሳነብላት የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ግን ለማንም እንዳትነግር። ለሰዉ ቲጂ ነች ብያለሁ።

አሁን በየጠረጴዛው ሙዝ ሲወጣ ቁጥሩ ራሱ ከተፍ ይላል። አቶ ሸዋንዳኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ኢንጂነር ነው የሚሉኝ። እኔም አልከለከልኳቸውም።

አንዲት ነገር ብቻ አሻሽያለሁ። በየጠረጴዛው ላይ ቁጥሩን ጽፌ ለጥፌ ነበር። የጎሳችን ባይራ፣ የሁላችን ታላቅ አቶ ደበሌ ሙዛቸውን አስጭነው ከላንቴ መጡ። የላንቴ ሰው የሚመዘነው በሩ ላይ ስለሆነ አራት የሚለውን አዩ። «ዳልጮ፣ ባይራው ሳይዘራ ታናሹ በማይዘራበት አገር እኛ ከማን በኋላ ነው አራተኛ የሆንነው?» አሉኝ እየሳቁ። እየሳቁ ቢሉም ታውቃቸዋለህ። የእሳቸውን ወረቀት አንድ፣ ከቢሮው አጠገብ የጫኖን ሰው የምትመዝነውን የሣራን አራት አድርጌ ለወጥኩት። ሣራ ለእኔ ያው ነው አለች። ከላይ ወረቀት ለውጦ ከሥር እንደነበረ መተው ግን ታላቅን መደለል ነው ብዬ፣ በምሳ ሰዓት ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ገብቼ አንደኛውን ጭራ ለላንቴ ጠረጴዛ፣ አራተኛውን ለሣራ ሰካሁት። ክብር ከሰጡ አይቀር እስከ ሥሩ ነው። ቲጂን ማስፈቀድ አላስፈለገኝም፤ ማን ማንን ነው የሚያስፈቅደው?

ክራባት ብትልክልኝ አልጠላም። ቀይ ይሁን።

አጎትህ ዳልጮ


ሮተርዳም
የካቲት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እንኳን ደስ ያለዎት፤ እኔም በጣም ኮርቻለሁ። ሥራ ስለበዛብኝ ይህችን በአውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ክራባቱን ልኬያለሁ፤ ቀይ ስላጣሁ ነጠብጣብ ያለበት ነው። እግዚአብሔር ይጠብቅዎት።

ክብሩ


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለክብሩ፤

በጌታ ስም ሰላም እልሃለሁ። ክራባቱ ደርሷል። አስተሳሰሩን የሚያውቅ እስኪገኝ ጥቂት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ሰነበትኩ። አሁን አንዴ ታስሯል፤ በራሴ እያጠለቅኩ በራሴ አወልቀዋለሁ።

ከዚህ በታች የምጽፍልህ ደስ አይልም። ሣራ ከሥራ ወጥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዛኟ የሚዛኑን ቁጥር አንብባ ለገበሬው ወረቀት ትቆርጥለታለች፤ ኮምፒዩተሩም ያንኑ በጭራው በኩል ይይዘዋል። በወር መጨረሻ ሁለቱን ሲያስተያዩ የሣራ ወረቀት ኮምፒዩተሩ ከያዘው በጣም በለጠ። ያልተመዘነ ሙዝ እየጻፈች ለጫኖ ዘመዶቿ ሰጥታለች ማለት ነው ተባለ። በሚቀጥለውም ወር እንደዚያው ሆነ። የላንቴ ጠረጴዛ በተቃራኒው ኮምፒዩተሩ ላይ ተርፎ ተገኘ። ትርፍን ደግሞ ማን ይከሰዋል? አቶ ደበሌ በረከት ነው ብለው አመሰገኑ።

የአባላት ስብሰባ ተጠራ። አቶ ሸዋንዳኝ በሰው ሁሉ ፊት «ጋሽ ዳልጮ፣ አንተ ነህ የገጠምከው። ማሽኑ ሊሳሳት ይችላል?» አለኝ። ተነሣሁ። ክራባቱን አድርጌያለሁ። «ማሽን ዘመድ የለውም» አልኩ። ቤቱ ተናጋ፣ ተጨበጨበልኝ። ያ ጭብጨባ ሳያበቃ ሣራ ትሰናበት የሚለው ተነሣ፤ እሱም በዚያው ጭብጨባ ጸደቀ። የእኔ የትኛው እንደሆነ፣ የእሷ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ሣራ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ በእኔ በኩል አለፈችና «ጋሽ ዳልጮ፣ በሩ ላይ ነበሩ እኮ። ሙዙ ሚዛን ላይ ሲወጣ ያያሉ» አለችኝ። ክራባቴን አስተካከልኩ።

የማታው ትምህርትም ተዘግቷል፤ ሌባ አያስተምረንም ያሉ አሉ። እስቲ አንተ ንገረኝ። ያው ማሽን አይደለም እንዴ? እኔ ልጅቷን አላውቃትም ማለት ነው?

አጎትህ ዳልጮ


ሮተርዳም
ሚያዝያ 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ዳልጮ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ የጥር ወሩን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ያኔ ስለ አቶ ደበሌ የጻፉትን ስቄበት ነበር ያለፍኩት።

አጎቴ፣ ሣራ አልሰረቀችም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ አንደኛው ጭራ ሣራ፣ አራተኛው የላንቴው መዛኝ ተብለው በቲጂ ተጽፈዋል። እርስዎ ጭራዎቹን ከኋላ ሲያቀያይሩ ያ ስም ባለበት ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣራ የመዘነችው ሙዝ በላንቴ ስም፣ የላንቴው በሣራ ስም እየገባ ነው። የጫኖ ሙዝ ስለሚበዛ በእሷ በኩል የጎደለው ልክ ያኛው ጋ ተርፏል። ወረቀቱን ብቻ ቀይረው ቢሆን ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር።

ይህን በእርስዎ ላይ ብቻ አልጥልም። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። የተጣሉ ኮምፒዩተሮችን እየፈታሁ ብረቱን ከፕላስቲኩ የምለይ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ካርዱን ያገኘሁት እዚያ ነው። ሲሠራ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ ዘዴውን ከመመሪያው ላይ ነው የተረጎምኩልዎት። መመሪያው መጨረሻ ላይ፣ በየጭራው አንድ አንድ ዕቃ መዝናችሁ በትክክለኛው ስም መግባቱን ተመልከቱ ይላል። ረዘመብኝና ዘለልኩት። ኢንጂነር ሲሉኝ ዝም ያልኩት እናቴ ደስ እንዲላት ብዬ ነው።

እባክዎን ዛሬውኑ ለአቶ ሸዋንዳኝ ይንገሩ።

ክብሩ


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ሰኔ 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ነው? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ነው፣ የኩልፎ ወንዝ ሞልቷል። እናትህ ደህና ናት፤ ስለ ሥራህ ምንም አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። ብረት ከፕላስቲክ መለየትም ቢሆን ዓይን ይፈልጋል።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልስ የዘገየው ፖስታ ቤት በመንገዴ ላይ ስላልሆነ ነው። ፖስታ ቤቱ የት እንዳለ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ይህን ተወው።

ገመዱን አስተካክያለሁ። ሁሉም ምሳ ሲወጣ ገብቼ መልሼ ሰካሁት፣ ማንም አላየኝም። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱና ኮምፒዩተሩ ፍጹም ተስማምተዋል። የሣራን ቦታ የያዘው ልጅ አንድ ኪሎ አልጎደለበትም። አቶ ሸዋንዳኝም በስብሰባ ላይ «አያችሁ አይደል? ሣራ ወጣች፣ ጉድለቱም አብሯት ወጣ» አለ። ያን ቀን ልናገር አስቤ ነበር፤ ግን አጀንዳው አልቆ ሰው ተነሥቷል።

ሣራ አሁን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ማንጎ ትሸጣለች። ሰው ሲገዛት «ሚዛን ታውቂበታለሽ መቼም» እያለ ይቀልዳል። ይህን የምሰማው ከሰው ነው፤ እኔ ወደ ቤት የምሄደው በሌላኛው መንገድ ነው። ጉልበቴም እሱን ነው የሚወደው፣ ዳገት የለበትም።

መነጽር ብትልክልኝ ጥሩ ነበር። ማንበቡ እያስቸገረኝ ነው።

ዳልጮ


ሮተርዳም
ሐምሌ 16 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ። መነጽሩን እልካለሁ።

ገመዱን በድብቅ ሲያስተካክሉ ውሸቱን እውነት አደረጉት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከማሽኑ ጀርባ ገብቶ የሚያይ ሰው ቢገኝ ነጻ ትወጣ ነበር። አሁን የሚታይ ስህተት የለም፤ ጥፋተኛ ሆና የቀረችው ሣራ ብቻ ናት።

ለአቶ ሸዋንዳኝ እኔው ልጽፍለት ተቀምጬ ነበር። የእርስዎ ስም ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ከዚህ ሆኜ እኔ ከማዋርድዎት እርስዎ እዚያ ሆነው ቢናገሩ ይሻላል ብዬ ቀደድኩት። እስከ አዲሱ ዓመት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እጽፋለሁ፣ አጎቴ። ይቅር ይበሉኝ።

ክብሩ


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጳጉሜን 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለክብሩ፤

የሰላም አምላክ ካንተ ጋር ይሁን። ከተማው ለሁለት ሺህ ዓ.ም. በዓል ሽር ጉድ ይላል፤ ሴቻ ላይ ባንዲራና አምፖል ያልተሰቀለበት ሱቅ የለም። አጎትህ ግን መነጽሩን አድርጎ ቁጭ ብሎ ይጽፍልሃል።

ደብዳቤህን አንብቤ ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ይህ ጎሜ ነው፣ ነውሩ ቤት ድረስ ተከትሎ መከራ የሚያመጣ አለች። እኛ ጴንጤ ነን፣ በጎሜ አናምንም አልኳት። «አዎ፣ አናምንም። ግን ነው» አለችና መብራቱን አጠፋች።

በማግስቱ አቶ ሸዋንዳኝ ቢሮ ገባሁ። ነገሩን ስጀምር ቀልድ መስሎት ሳቀ። ስጨርስ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ወረዳው ለዚህ ማሽን ምስክር ወረቀት ሰጥቶናል፣ ሌሎች ማኅበራት መጥተው እያዩት ነው፣ አሁን ተሳስቷል ቢባል እኔም አንተም ምን ይውጠናል አለ። ሣራን በሚቀጥለው ሳምንት ቀስ ብለን እንመልሳታለን፣ ምክንያቱ አይነገርም፣ ሰው ይረሳዋል አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ከቢሮው የወጣሁት እየሮጥኩ ነው፤ ጉልበቴንም ረሳሁት።

መናኸሪያው ጋ ደረስኩ። ሣራ ማንጎዎቿን በጨርቅ እየጠረገች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጭራውን፣ አቶ ደበሌን፣ በምሳ ሰዓት የሰካሁትን፣ በምሳ ሰዓት የመለስኩትን። ከዚያ ምሥራቹን ጨመርኩ፤ ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ፣ ማንም ምንም አይልሽም። አንዱን ማንጎ ጠርጋ ጨረሰችና ቀና አለች።

«በጭብጨባ ነው ያስወጣችሁኝ» አለች። «በሹክሹክታ አልገባም።»

 አንዲት ሴትዮ ማንጎ ልትገዛ ስትመጣ ዞር አለችና መሸጥ ጀመረች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። የምገዛ መስሎኝ ነው መሰለኝ፣ ኪሴን ዳሰስኩ።

ከዚያ ላንቴ ሄድኩ፤ አቶ ደበሌ ዘንድ። ሙዛቸው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለእሳቸው ክብር ስል ያደረግኩትን፣ ከዚያም የመጣውን ነገርኳቸው። 

«እኔ እኮ ስለ ወረቀቱ ነበር ያልኩህ» አሉ።

ያቺ ቃል ከስድብ ባሰችብኝ። ለካ እሳቸው እንኳ ያን ያህል ክብር አልፈለጉም ኖሯል። ቀጥለው ያ በረከት ብለን ያመሰገንነው የሣራ ላብ ነበር ማለት ነው አሉ። ተነሡና በቅዳሜው ገበያ የላንቴም የጫኖም ሰው መረከቢያው ውስጥ እንዲቆም አስነገሩ። አቶ ሸዋንዳኝ ተቃወመ፤ ባይራው ከጠሩ ግን ማን ይከለክላል?

ቅዳሜ ደረሰ። ግቢው ሞላ። ሣራም መጣች፤ አቶ ደበሌ ራሳቸው ሄደው ጠይቀዋት ነው። ከሰዉ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነቅዬ በእጄ ይዣለሁ፤ እርቅ እንደሚለምኑ ታላቆቻችን ተንበርክኬ ልናገር ነበር። ማታውን ሙሉ ንግግር አዘጋጅቼ፣ ቀልድም ጣል አድርጌበት ነበር። ስነሣ ሁሉም ጠፋብኝ። እኔ ነኝ ገመዱን ያቀያየርኩት፣ ሣራ ምንም አላደረገችም አልኩ።

ማንም አላመነኝም።

መጀመሪያ ሳቁ፤ ዳልጮ ደግሞ ምን አመጣ ብለው። ቀጥሎ አንዱ ከኋላ፣ አስተማሪው ስለሆነች ሊያወጣት ነው አለ። ሌላው፣ ማሽኑ ይኸው ልክ ነው፣ እሷ ከወጣች አልጎደለም አለ። ያ ራሱ እኔ የሠራሁት ነው። በአፌ ስንት ዓመት ሳስቀው የኖርኩት ሰው፣ አንድ ቀን የምሬን ስናገር መለያው ጠፍቶበታል፤ አልፈርድበትም።

ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ገባሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ያን ቀን በድብቅ እንዳደረግኩት አድርጌ አንደኛውንና አራተኛውን ጭራ ነቅዬ አቀያየርኩ። ቲጂን ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ጮክ ብለሽ አንብቢ አልኳት። ሄጄ ሣራ ትሠራበት የነበረው ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሣሩ በእጄ ነው።

ቲጂ አነበበች። በላንቴ ስም ስድሳ ዘጠኝ ኪሎ ገባ።

የላንቴው ሚዛን ላይ ማንም አልነበረም። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አዙሮ ባዶውን ሚዛን አየው፣ ከዚያ እኔን። አቶ ደበሌ ከዘራቸውን ለአንዱ አስይዘው በሩ ላይ ያለው ሚዛን ላይ ወጡ። ቲጂ፣ ስሙን ገና አልለወጠችውም ነበርና፣ በሣራ ስም ሃምሳ አራት አለች። «እኔ ከወዲህ ቆሜ ከወዲያ ነኝ?» አሉ። እሳቸው ለቀልድ አላሉትም፤ የሳቀም የለም። አቶ ሸዋንዳኝ መሬት መሬት ያያል።

አቶ ደበሌ እዚያው ሚዛኑ ላይ እንዳሉ ቆባቸውን አወለቁ። ልጃችንን በእጃችን ነው ያስወጣናት አሉ። ከዚያ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ብቻቸውን፣ ቀስ እያሉ። የጫኖ ሰው ተከተለ፣ የላንቴው ተከተለ። አቶ ሸዋንዳኝም መጨረሻ ላይ አጨበጨበ። እኔ ሣር ይዣለሁ፣ ማጨብጨብ አልቻልኩም።

ሣራ ከግድግዳው ተነሥታ በሰዉ መሀል መጣች። ሰዉ መንገድ ከፈተላት። የእሷን ቦታ የያዘው ልጅ ከወንበሩ ተነሣ። ተቀመጠች። የወረቀቱን ጥራዝ ወደ ራሷ ሳበች፣ እስክሪብቶውን ሞከረች። እኔ እዚያው ሚዛኑ ላይ እንዳለሁ ሣሩን ዘረጋሁላት። አየችው። የዘረጋሁበትን እጄንም አየችው። በዚህ ጊዜ ወደ መስኮት አልዞረችም።

«እዚያ ያስቀምጡት» አለች፣ የጠረጴዛውን ጥግ እያሳየችኝ። አስቀመጥኩት።  ከኋላዬ የጫኖ ሰዎች ሙዛቸውን ተሸክመው ተሰልፈዋል፤ ሙዙ በሙቀቱ መጥቆር ጀምሯል።

«ጋሽ ዳልጮ» አለች፣ «ከሚዛኔ ላይ ይውረዱና ገመዱን ይመልሱ። ሰው ቆሟል።»

ወረድኩ።

የምታውቀው አጎትህ ዳልጮ